የኬላ ሚስት

ባሌ ኡበይደላ በመርሳና በወልድያ መካከል የሚመላለስ ሚኒባስ ረዳት ነው። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ወልድያ! ሲሪንቃ! ወልድያ!» እያለ ሲጮህ ይውላል። እኔ መርሳ መናኸሪያው በር ላይ ማንጎና ብርቱካን ስለምሸጥ ድምፁ ከጆሮዬ አይጠፋም። ሌላ ሰው ቢሰማው ምንም አይመስለውም፤ እኔ ግን ሚስቱ ነኝ፣ እሰማለሁ። ወልድያን ሲጠራ እንደ ማንኛውም ረዳት ይጮሃል። ሲሪንቃ ላይ ሲደርስ ግን ወላሂ ድምፁ ይለሰልሳል።

ሲሪንቃ ውባለም አለች።

«የአገር ስም መጥራትም ሀራም ሆነ እንዴ? አሁንስ ቅናት አሳበደሽ!» ይለኛል። ይበለኝ። ጎረቤቶቼም «ከድጃ፣ አንቺ እኮ ባልሽ ላይ ዝንብ ብታርፍ ሴት ናት ወንድ ብለሽ ትጠይቂያለሽ» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ! እነሱ ባላቸው ሌላ ሴት እያሳየ «ሚስቴ ናት» ሲል ቆመው አልሰሙም። እኔ ሰምቻለሁ። እኔን ደግሞ እያሳየ «እህቴ ናት» ሲል ሰምቻለሁ፤ በአንድ አፍ፣ በአንድ ትንፋሽ። ይህን የሰማች ሴት ካልቀናች ምን ልትሆን ነው?

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ከጦርነቱ በኋላ እጃችን ባዶ ቀረ። ግራና መንደር የነበረችን የብርቱካን ማሳ ደረቀች፣ ቤቱም ጣራው ተነቅሎ ሄደ። ኡበይደላ «ሳውዲ ልሂድ» አለ። እኔ «ብቻህን አትሄዳትም» አልኩት። ሰዉ ሁሉ «አቤት ፍቅር! በረሃውን አብራው ልትቆርጥ!» አለ። ፍቅርም ነው፣ አልክድም። ግን በዚያ መንገድ ብዙ ሴት እንደሚሄድ ሰምቼ ነበር። አገሬው ሴት ልጅ ብቻዋን አትሂድ ብሎ ሲመክር እኔ ወንድ ልጅ ብቻውን አይሂድ ብዬ ተነሳሁ።

ውባለምን ያገኘናት ጅቡቲ፣ ባሕሩ ዳር ጀልባ ስንጠብቅ ነው። የወልድያ አካባቢ ልጅ ናት። አባቷ ደሳለኝ የሚባሉ የጉባላፍቶ ገበሬ ነበሩ፣ ሞተዋል፤ እናቷን ደግሞ አታውቃትም። አብራት የወጣችው ጓደኛዋ በረሃ ላይ ታማ ስለተመለሰች ብቻዋን አሸዋው ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። አማርኛዋን ስሰማ፣ ያንን የኛን የወሎን ዜማ ስሰማ፣ ተነስቼ ወደሷ ሄድኩ። «ነይ እህቴ፣ ከኛ ጋር ሁኚ» ያልኳት እኔ ነኝ። እኔው! ኡበይደላ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም ነበር። አባያ የሰጠኋት እኔ፣ የኒቃቡን አስተሳሰር ያሳየኋት እኔ። ክርስቲያን መሆኗ እንዳይታወቅባት ዘይነብ የሚል ስም ያወጣሁላትም፣ ፋቲሃን አፏ እስኪለምደው ያስጠናኋትም እኔ። ልጅቷ ደግሞ ስትይዝ ማሻአላህ ነው። ማተቧን ፈትታ ደረቷ ውስጥ ሸሸገችና የሼህ ልጅ መሰለች።

የመን ስንገባ አንድ ነገር ቶሎ ገባን። በሄድንበት መንገድ ሁሉ ሴት በራሷ እግር አትሄድም። በየኬላው መጀመሪያ የሚጠይቁት «ወንድሽ ማን ነው?» ብለው ነው። አባት፣ ባል፣ ወንድም፣ ልጅ፤ ከነዚህ አንዱ ከጎኗ ከሌለ ሰው አትባልም። መሕረም ይሉታል። እኔም ሙስሊም ነኝ፣ ቃሉን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ግን ብርቱካን ጭኜ ከመርሳ ወልድያ ስመላለስ «መሕረምሽ የታለ?» ያለኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። እዚያ እኔ፣ ገበያ ሙሉ ነጋዴ የምከራከር ሴት፣ አፍ የሌለኝ ሆንኩ። እርቧታል ወይ? ለኡበይደላ ነው የሚሉት። ታማለች ወይ? እሱ ይመልሳል። እኔ አጠገቡ ቆሜ ስለራሴ እሰማለሁ።

ከዚያ ያ ኬላ መጣ። ተራራ ሥር ያለ የቆርቆሮ ጥላ ነው። ከመኪናው አወረዱንና ሴቶቹን ባንድ ወገን፣ ወንዶቹን ባንድ ወገን አቆሙን። ወንድ የሌላቸውን ሴቶች ለብቻ ወደ ቆመ መኪና ይጭናሉ። መኪናው ወዴት እንደሚሄድ የሚናገር የለም፣ የሚጠይቅም የለም። ከፊታችን የነበረች አንዲት የሐረርጌ ልጅ የመኪናውን በር ይዛ «አልሄድም!» እያለች ጣቶቿን አንድ ባንድ አላቀው ጫኗት። ውባለም ክንዴን ጨምድዳ ይዛለች።

ጠባቂው ጉንጩ በጫት ያበጠ ጎልማሳ ነው። መጀመሪያ እኔን ጠየቀኝ። ስምሽ? ከድጃ። የአባትሽ? ሰይድ። ወደ ኡበይደላ ዞረ። ስምህ? ኡበይደላ። የአባትህ? ሰይድ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። የኔም አባት ሰይድ፣ የሱም አባት ሰይድ። ዝምድና እንኳ የለንም! ግራና ገበያ መሃል ቆሞ «ሰይድ!» ብሎ የተጣራ ሰው፣ ግማሹ ገበያ ነው «አቤት» የሚለው። ጠባቂው ይህን ከየት ይወቀው? እነሱም እንደኛ ናቸው፣ ሴት ባገባች ጊዜ የአባቷን ስም አትተውም። እኔን አየ፣ እሱን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ውባለምን ጠየቃት። ከድንጋጤዋ የተነሳ ትምህርቴን እኩሌታውን ረሳችና «ዘይነብ ደሳለኝ» አለች። በቃ፣ ጠባቂው ነገሩን ለራሱ ጨረሰው። በጣቱ እኔን አሳየና «እህትህ?» አለ። እሷን አሳየና «ሚስትህ?» አለ።

ኡበይደላ አየኝ። ከዚያ ያንን መኪና አየ።

«አይዋ» አለ፤ አዎ ማለቱ ነው።

አንዲት ቃል ናት። «የለም፣ ሚስቴ ይቺ ናት፣ ያቺን አላውቃትም» ቢል ኖሮ ውባለም መኪናው ላይ ነበረች። አውቃለሁ። አላውቅም ብዬ አላውቅም። ታዲያ አውቄ ምን ላድርግ? ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው እሳት ሆነባት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት ይባላል። ነፍስ አድኗል ብዬ ልመርቀው አፌን ስከፍት ያቺ «አይዋ» ትመጣብኛለች። ምናለ ትንሽ እንኳ ቢንተባተብ! ምናለ ላብ እንኳ ቢያጠምቀው!

ነገራችን እስኪጣራ ብለው ወደ ጠባቂው ወንድም ግቢ ወሰዱን። ለባልና ሚስቱ አንድ ክፍል ተሰጣቸው። ለነማን? ለኡበይደላና ለውባለም! እኔ ልጃገረዲቱ ተብዬ ወጥ ቤቱ አጠገብ ከግቢው ባለቤት እናት ጋር ተነጠፈልኝ። በሩ ከውስጥ ሲቀረቀር ይሰማኛል። እሳት ላይ ነው እንጂ ምንጣፍ ላይ አልተኛሁም። ጠዋት ውባለም ስትወጣ ዓይኗን አያለሁ፤ ያበጠ እንደሆነ ለምን አበጠ እላለሁ፣ ያላበጠ እንደሆነ ለምን አላበጠም እላለሁ። እሱን ጥግ ይዤ እንዳላናግረው ሰው ያያል። አሮጊቷ ደግሞ ውባለምን ወደደቻት፤ «ወንድምሽ ታድሏል፣ ሚስቱ ጨዋ ናት» ትለኛለች። አንድ ቀን እጇን ዘርግታ ልጅ እንዲሰጣቸው ዱዓ አደረገችላቸው። እኔንም ጨምራ አሚን አስባለችኝ። ምን ላድርግ፣ አልኩ። አሚን አልኩ!

የባሰው ገና ነበር። የግቢው ባለቤት ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው። ሻይ ይዤ ስገባ አየኝ፤ ከዓይኔ በቀር ምን ይታየዋል? ወዲያው ግን ወደ ኡበይደላ ዞሮ «እህትህን ስጠኝ፣ መንገዳችሁን እኔ አስከፍታለሁ» አለው። እኔ ትሪውን እንደያዝኩ እዚያው ቆሜያለሁ። ቀና ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም። መርሳ ገበያ ላይ አንዲት ማንጎ ስትሸጥ እንኳ ባለማንጎዋ ትጠየቃለች! ባሌ እኔን የሚድረኝ ሰው ሆኖ ተቀምጧል። እሺ ካለ አበቃልኝ። አይሆንም ካለም ይጠረጥሩናል።

«ላስብበት» አለ።

ላስብበት! አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። በኋላ ሲያስረዳኝ «ቀን ለማግኘት ብዬ ነው» አለ። ይሁንለት። ግን እናንተው ፍረዱኝ። ውባለምን «ሚስትህ?» ሲሉት አላሰበበትም። ማሰብ ያስፈለገው ለኔ ነው።

ያዳነችኝም ውባለም ናት፤ ይሄ ደግሞ ሌላ እሾህ ነው። ቤሩት ከኖረች ጎረቤቷ የለቃቀመቻት፣ ከኛ የተሻለች ዓረብኛ ነበረቻትና ወደ አሮጊቷ ሄዳ «ከድጃ እኮ አገር ቤት ለኔ ወንድም ኒካዋ ታስሯል» አለቻት። ወንድም የላትም። አሮጊቷ ልጇን «የሰው ኒካ ላይ ልትደርስ ነው?» ብላ ወረደችበት፤ ነገሩም በዚያው ቀረ። ብዙም ሳይቆይ የስደተኛ ጉዳይ ሰዎች መጥተው ከሌሎች ስደተኞች ጋር በአይሮፕላን ወደ አገራችን መለሱን። ሳውዲን በሩቁ እንኳ ሳናያት።

አዲስ አበባ እንደወረድን ኒቃቡን ገፍፌ ሰው መሃል የባሌን እጅ ያዝኩ። እጁን አልነጠቀኝም። ግን እንደ ድሮው ጥብቅ አድርጎ አልያዘኝም። «ምን ሆንክ?» ስለው «ደክሞኝ ነው» አለ።

መርሳ ገባን። እሱ ረዳትነቱን ያዘ፣ እኔ ማንጎዬን ዘረጋሁ። ውባለም የምትጠጋበት ዘመድ ስለሌላት ሲሪንቃ፣ የግብርና ምርምሩ ማሳ ላይ ቀን ሠራተኛ ሆነች፤ ታርማለች፣ ማሽላ ሲደርስ ወፍ ትጠብቃለች። ሥራውን ማን አፈላለገላት? ባሌ ነዋ! ከተሳፋሪ ሰምቶ ነው አለኝ። የተሳፋሪ ወሬ የሚያዳምጥ ረዳት እሱን ብቻ አየሁ።

ማታ ሲገባ እጠይቀዋለሁ።

«ዛሬ ሲሪንቃ ማን ወረደ?»

«ሰው ወረደ።»

«ማን ተሳፈረ?»

«ሰው ነዋ፣ ከድጃ! ማን እንዲሳፈር ፈለግሽ?»

«እሷስ ደህና ናት?»

«ማን?»

ያቺን «ማን» ሲል አንቄ ብገድለው ደስ ይለኝ ነበር። ማንን እንደምል ከመርሳ እስከ ወልድያ የሚያውቀውን እሱ ብቻ ይጠይቀኛል!

አንድ ጊዜ ወልድያ ጉዳይ ኖሮኝ በሱ መኪና ተሳፈርኩ። መኪናው ሙሉ ስለነበር እኔ ሚስቱ ሞተሩ ላይ ተቀምጬ ስቃጠል ነው የሄድኩት። ሲሪንቃ ስንደርስ ውባለም ቆማለች። ኡበይደላ አንዱን ጎረምሳ «ተነስላት እስቲ፣ ከማሳ ነው የመጣችው፣ ደክሟታል» ብሎ መስኮት ዳር አስቀመጣት። እሷ ደግሞ ከኋላ «ከድጅየ! ደህና ነሽ?» እያለች ፈገግ ትልልኛለች። ደህና ነኝ አልኳት። መቀመጫዬ ተጠብሷል እንጂ ደህና ነኝ!

አልቻልኩም። አንድ ቀን ማንጎዬን ለጎረቤቴ ለናጅዋ አደራ ብዬ፣ የሱ መኪና መውጣቱን አይቼ፣ በሌላ መኪና ሲሪንቃ ሄድኩ። ውባለም ማሳው ዳር ዛፍ ሥር ምሳዋን ስትበላ አገኘኋት። ዘላ አቀፈችኝ። «እሰይ! ከድጅየ፣ ዛሬ ከየት ተገኘሽ! ማንጎሽን እኮ በላሁት፣ እንዴት ይጣፍጣል!»

«የቱን ማንጎ?»

«ያንን የላክሽልኝን ነዋ። ኡበይደላ አደረሰልኝ።»

እኔ ማንጎ አልላክሁም። ለሾፌሩ ብሎ ነው መርጦ የወሰደው። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፀሐዩ እንኳ አላጠቆራት፤ እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ ከስያለሁ፣ እሷ ማሳ ውላ ታበራለች። እንዲህ ያለውን ሳይ አላህን ልጠይቀው ይቃጣኛል፣ አስተግፊሩላህ።

«ውባለም» አልኳት። «ማተብሽን ይዘሽ ንገሪኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ ነክቶሻል?»

ጉርሻው ከእጇ ወደቀ። ማተቧን ጨበጠች። «የደሳለኝን አፅም! አልነካኝም፣ ከድጅየ። በሩን ተደግፎ ነበር የሚያድረው፤ ፊቱን ወደኔ አዙሮ እንኳ አያውቅም።»

እፎይ አልኩ። ወላሂ፣ ከኬላው ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ ተከፈተ። ልጅቷ ግን የዋህ ናት፣ የት ላይ ማቆም እንዳለባት አታውቅም።

«ያለቅስ ነበር እንጂ» አለች።

«ምን?»

«ኧረ ማልቀስ! እንደ ሕፃን ነበር የሚያለቅሰው። ‘ሚስቴን በአንድ ቃል ካድኳት፣ እኔ ምን ወንድ ነኝ’ እያለ። እኔም አብሬው አለቅሳለሁ። እንዲወጣለት ብዬ አጫውተዋለሁ። የአባቱን አሟሟት፣ በጦርነቱ ያየውን፣ የቀበራቸውን ልጆች፣ ሁሉንም ነገረኝ። ሆዱ እንዴት ያሳዝናል!»

የቀበራቸውን ልጆች! እኔ ሚስቱ «በጦርነቱ ምን ገጠመህ?» ባልኩት ቁጥር «ተይው፣ አለፈ» ነው መልሱ። አባቱ የተቀበሩ ዕለት እንኳ ፊቱ ደረቅ ነበር። አንዲት ዘለላ እንባ አላየሁበትም። እኔ ፊት ድንጋይ፣ እሷ ፊት ውሃ! ቢነካት ይሻለኝ ነበር። ስሙኝ፣ ቢነካት ይሻለኝ ነበር! ቢነካት እጠላው ነበር፣ ሽማግሌ ሰብስቤ እፈታው ነበር፣ ያልቅ ነበር። አብረው ያለቀሱ ሰዎችን በምን ይለያዩዋቸዋል?

ክርስቲያን ናት፣ አያገባትም ብዬ እንዳልጽናና ደግሞ አገሩ ወሎ ነው። በኛ ሰፈር የእናት አያቱ ክርስቲያን፣ የአባት አያቱ እስላም ያልሆነ ቤት ፈልጋችሁ ልታጡ ትችላላችሁ።

ስመለስ መኪና ውስጥ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። በኛ ዘንድ የጡት ልጅ የሚሉት ወግ አለ። ባዳን ሰው ቤተሰብ ማድረግ ሲፈለግ፣ እናትየው አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ነክራ ሰው በተሰበሰበበት ታጠባዋለች። ያ ሰው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልጇ ነው። ከልጆቿ ጋር ወንድምና እህት ነው፤ ከነሱ ጋር ጋብቻ አከተመ፣ ማሰቡም ነውር ነው። እስላም ክርስቲያን አይል። የሰፈራችን ሼህ አማን «ይሄ ኪታብ ላይ የለም፣ ያገር ባህል ነው» ይላሉ፤ እሳቸው ራሳቸው ግን የማር ወንድማቸው የጉባላፍቶ ቄስ ናቸው፣ በዓል በመጣ ቁጥር ይጠያየቃሉ።

ኬላ ላይ ሚስቱ የሆነችውን በማር እህቱ አደርጋታለሁ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ሲሪንቃን እስኪበቃው ይጥራ!

ግራና ወደ አማቴ ወደ እማማ ሰዓዳ ሄድኩ። «እማማ፣ ሴት ልጅ አልወለዱም። አንዲት እናት የሌላት ልጅ አለች፣ በስደት አብራን የተንከራተተች። ልጅ ያድርጓት» አልኳቸው። እማማ እጄን ይዘው «አላህ ይስጥሽ፣ እንዳንቺ ልበ ሰፊ የት ይገኛል!» ብለው መረቁኝ። ልበ ሰፊ! አሚን ብዬ ተቀበልኩ። ውባለምም ስነግራት ዓይን ዓይኗን ነበር የማየው፣ ታቅማማ እንደሆነ ብዬ። ምንም አላቅማማችም። «እናት ሊኖረኝ ነው?» ብላ እያለቀሰች ጉልበቴን ሳመች።

ለኡበይደላ ስነግረው እራት ላይ ነበር። ጉርሻው እጁ ላይ ቆመ።

«ምን አስፈለገ?» አለ።

«ዘመድ የላትም ብለህ የምታዝንላት አንተ አይደለህ? እነሆ ዘመድ።»

«እንደፈለግሽ» አለና ጉርሻውን መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠው።

ቀኑ ደረሰ። እማማ ሰዓዳ ግቢ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ፤ ከሲሪንቃም የውባለም የሥራ ባልደረቦች መጡ። ሼህ አማን ዱዓ አደረጉ። ውባለም ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ አንገቷን ደፍታ እማማ እግር ሥር ተንበረከከች። ኡበይደላ ከወንዶቹ ጋር ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። እኔ አጠገባቸው ነኝ፤ ጣታቸውን ስትጠባ በዓይኔ በብረቱ ካላየሁ አላምንም ብያለሁ።

እማማ አውራ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነከሩ። «ልጄ ሁኚ። ከማህፀኔ እንደወጣሽ ይሁንልኝ። የልጄ የኡበይደላ እህት ሁኚ» አሉ። ውባለም ቀና ብላ አፏን ከፈተች።

«ተይ እማ» አለ ኡበይደላ።

ሁላችንም ዞርን። ከግድግዳው ተላቆ መሃል ቆሟል።

«ተይው። አይሆንም።»

ሼህ አማን «ምን ነካህ ልጄ? መልካም ሥራ ተጀምሮ አይቋረጥም» አሉት።

«አይሆንም፣ ሼሃችን። ይህን ሁሉ ሰው ምስክር አድርጌ እህቴ ናት ማለት አልችልም። ውሸት ይሆንብኛል።»

ውባለም እንደተንበረከከች ቀርታለች። ወዲያው ፊቷን አየሁ፤ ደስታ ፈልጌ ነው ያየኋት፣ ባገኝ ፀጉሯን ነበር የምነጨው። የለም። ክው ብላ ነው የቀረችው። ልጅቷ አታውቅም ነበር። ይሄ ነው የጨረሰኝ፤ ስጠላት የኖርኩት አላበቃ ብሎ አሁን ደግሞ ልጠላት አልቻልኩም።

«ከድጃ» አለኝ። «አልነካኋትም፣ አላህ ያውቃል።»

«እኔም አውቃለሁ» አልኩት። «እኔን እህቴ ናት ስትል ግን ውሸት አልሆነብህም።»

«ያ እኮ ነፍስ ለማዳን ነው!»

«የኔስ ነፍስ አይደለም?»

ያንን አፍ፣ ኬላ ላይ እንደዚያ የፈጠነውን አፍ፣ ከፈተና መልሶ ዘጋው። ይመልስልኛል ብዬ ጠበቅኩ። አንዲት ቃል ቢናገር፣ ውሸትም ብትሆን፣ እቀበለው ነበር። እንደምወደው እዚያ ያለው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም ከዚያን ቀን የበለጠ ወድጄው አላውቅም። እሱ ግን ዓይኑ ከኔ ተነሳና መሬት ላይ ወደተንበረከከችው ሄደ።

እማማ ሰዓዳ ጣታቸውን እንደዘረጉ ናቸው፤ ማሩ ወደ አንጓቸው ይወርዳል። «ኧረ ምንድን ነው ነገሩ? ንገሩኝ እንጂ!» ይላሉ። ሄድኩና በውባለም ጎን ተንበረከክሁ። እጃቸውን በሁለት እጄ ያዝኩ። አውራ ጣታቸውን አፌ ውስጥ ከተትኩና ጠባሁ።

«ያረቢ! ያዟት! አብዳለች!» ሴቶቹ ጮኹ። እማማ ጣታቸውን ሊነጥቁኝ ታገሉ፣ አለቅኩም። ሼህ አማን «ላ ኢላሃ ኢለላህ» እያሉ ብድግ አሉ። ኡበይደላ «ከድጃ! ከድጃ፣ ተይ!» እያለ ሰዉን ገፍቶ ደረሰና ትከሻዬን ያዘ። እኔ ማሩ እስኪያልቅ፣ ጣታቸው እስኪደርቅ ጠባሁ። ከዚያ አፌን በሻሼ ጠረግኩና ቀና አልኩ።

«እማማ» አልኳቸው። «እንግዲህ ልጅዎ ነኝ። ወንድሜን ይዳሩልኝ።»